ኩፍኝ በረሃብ ታሪካችን ውስጥ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተነሡትን ፎቶግራፎች ያላየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ኮረም፣ መቀሌ፣ ባቲ። ነጠላዋን ተከናንባ መሬት ላይ የተቀመጠች እናት፣ ጭኗ ላይ ዐይኑን መግለጥ ያቃተው ሕፃን፣ ከኋላቸው ሜዳውን የሞላ ሕዝብ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ዘፈን ተዘፈነ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ ስንዴ የጫኑ መርከቦች ተንቀሳቀሱ። በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ስለ አገራችን ስንጠየቅ ዛሬም ብዙ ጊዜ የምንመልሰው ከእነዚያ ምስሎች ለተነሣ ጥያቄ ነው።

ከምስሎቹ ሥር የሚጻፈው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ረሃብ። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ረሃቡን ያመጡትና ያባባሱት ድርቁ፣ ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ በብዙ መጻሕፍት ተተንትነዋል። እምብዛም ያልተጠየቀው ሌላ ነው፤ እነዚያ ሕፃናት በመጨረሻ የሞቱት በምን ነበር? በረሃብ ዘመን ልጅ በባዶ ሆድ ብቻ የሚሞተው ከምናስበው ባነሰ ጊዜ ነው። በምግብ እጦት የተዳከመውን ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሰው በሽታ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ከበሽታዎቹ ሁሉ እጅግ ከሚከፉት አንዱ ኩፍኝ ነበር።

የረሃባችንን ታሪክ የጻፍነው እህል እየሰፈርን ነው። ስንት ኩንታል ጠፋ፣ ስንት ኩንታል መጣ፣ ማን ከለከለ፣ ማን ሰጠ። ይህ ሁሉ መጻፍ ነበረበት። ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ አንዲት የክትባት ብልቃጥ የምትይዘው ቦታ ከጆንያው አያንስም። እሷን ስለዘለልናት ከመከራችን ልንማረው የሚገባንን ግማሹን ሳንማር ቀርተናል።

ዋድ ኩሊ

በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ከትግራይ የተነሣ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ወደ ሱዳን ተመመ። ከአየር ድብደባ ለመሸሽ ቀን እየተደበቁ ሌሊት የሚጓዙበት፣ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ ነበር። መንገደኞቹ ከደረሱባቸው ቦታዎች አንዱ በምሥራቅ ሱዳን የተቋቋመው የዋድ ኩሊ መጠለያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ 80,000 ያህል ሰው ሰፈረበት። ከገበሬ መንደር፣ ከተራራቁ ጎጆዎች የመጣ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ከተማ የሚያህል ሆኖ በድንኳንና በዳስ ተጠጋግቶ ተቀመጠ።

ኩፍኝም ገባ። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ 1985 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር መጨረሻ እስከ ግንቦት 1977 ዓ.ም. በነበሩት አራት ወራት፣ በዚያ በአንድ መጠለያ ብቻ ከ2,000 በላይ ሰዎች በኩፍኝ መሞታቸው ተመዝግቧል። መታመማቸው ከተመዘገበው ሰዎች መካከል የሞቱት 30 በመቶ ይጠጋሉ። ወረርሽኙ በበረታበት ወቅት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 1,000 ልጆች መካከል በአንድ ወር ውስጥ 30ው በዚህ በሽታ ብቻ ይሞቱ ነበር።

ይህን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት በአሜሪካ በየዓመቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን ሰው ኩፍኝ ይይዘው ነበር፤ በዓመት የሚመዘገበው ሞት ከ400 እስከ 500 ነበር። ቫይረሱ ያው ነው። አንዱ ጋ ልጁ ሳምንት ተኝቶ፣ ሾርባ ጠጥቶ ይነሣል፤ ሌላው ጋ ከሦስት ልጆች አንዱን የሚያህል ይቀበራል።

ክትባቱስ? ቫይረሱን በቤተ ሙከራ ማርባት የተቻለው በ1954 እ.ኤ.አ. በጆን ኤንደርስና በቶማስ ፒብልስ እጅ ነው። ክትባቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1963 ነው። የዋድ ኩሊ ልጆች ሲሞቱ ክትባቱ የ22 ዓመት ዕድሜ ነበረው። ይህን የምለው በጊዜው በመጠለያው ውስጥ የደከሙትን ሐኪሞችና ነርሶች ለመውቀስ አይደለም። ዓለም ለዚያ ሕዝብ በመጀመሪያ ሊልክለት ያሰበው ምን እንደነበር ለማሳየት ነው። ያሰበው ስንዴ ነበር።

በዚያው ዓመት የዝናቡ ወቅት ሲቃረብ ከስደተኞቹ ከ50,000 በላይ የሚሆኑት መሬታቸው ጦም እንዳያድር ብለው ተመልሰው በእግራቸው ወደ ትግራይ ገቡ። ስለዚህ መመለስ ሲጻፍ የገበሬው ጽናት ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባል። ትተውት የተመለሱት መቃብር ግን አብሮ አይነሣም። በዚያው ሰሞን ከጎንደር ተነሥተው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ለማለፍ የጣሩት ቤተ እስራኤላውያንም በመንገድና በመጠለያዎቹ ውስጥ 4,000 ያህል ወገን እንደሞተባቸው ይነገራል። ከገደሏቸው ነገሮች ዋነኛው በሽታ ነበር። እነሱ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ አቁመው በየዓመቱ ያስቧቸዋል።

"ወጣበት"

ኩፍኝ ለምን ከታሪክ አመለጠ? አንዱ ምክንያት ከአነጋገራችን ይጀምራል። "ልጁ ኩፍኝ ወጣበት" እንላለን፤ ጥርስ እንደሚያወጣ ሁሉ ኩፍኝም ይወጣበታል። በትግርኛ ንፍዮ፣ በኦሮምኛ ጊፊራ ሲባል፣ ሱዳን የገቡት ስደተኞች ደግሞ ከአገሬው አፍ የሰሙት ስም "ሐስባ" ነው። ይህ የዐረብኛ ቃል ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረው ፋርሳዊ ሐኪም አር-ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለያይቶ በጻፈው መጽሐፍ ርእስ ላይ ያለው ቃል ነው። ሐኪሞች ሁለቱን ከለዩ ሺህ ዓመት ቢያልፍም በሕዝብ ዘንድ የነበራቸው ክብደት ግን እኩል አልነበረም። ፈንጣጣ መዓት ነው፤ ንጉሥም ሎሌም ይፈራዋል፤ ፊት ላይ ጠባሳ ጥሎ ስለሚሄድ ምስክር አያጣም። ኩፍኝ ግን የልጅነት ዕጣ ተደርጎ ተቆጠረ። ሁሉንም ልጅ የሚነካ ነገር ዜና አይሆንም። የተረፈው ልጅ ምልክት የለበትም፤ የሞተው ልጅ ደግሞ በብዙ ቤት የሚነገርለት ረዥም ታሪክ አልነበረውም።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታው ራሱ የሚሠራበት መንገድ ነው። ኩፍኝ በትንፋሽ ይተላለፋል። ያልተከተቡና ቀድሞ ያልያዛቸው ሰዎች ባሉበት አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ከዚህ የበለጠ ተላላፊ በሽታ ጥቂት ነው። ሕፃን ከተወለደ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት እናቱ ባወረሰችው መከላከያ ይጠበቃል። ያ መከላከያ ሲሟጠጥና ክትባት ሳይተካው ሲቀር፣ ከስድስት ወር ጀምሮ ያለው ዕድሜ ባዶ ሜዳ ይሆናል።

ትኩሳት፣ ሳል፣ የቀላ ዐይን ይመጣል፤ ከዚያ ሽፍታው ይወጣል፤ ሽፍታው ሲጠፋ ወላጅ ልጁ የዳነ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ሞት የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ኩፍኝ የሳንባ ምችንና ተቅማጥን ተከትለው እንዲገቡ በር ይከፍታል። በሰውነት ውስጥ ያለችውን ጥቂት ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል፤ ቀድሞ ዳፍንት የነበረበት ልጅ ጭራሽ ዐይኑን ሊያጣ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሰውነት ከዚህ በፊት ያሸነፋቸውን በሽታዎች የሚያስታውስበትን መከላከያ ያጠፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ኩፍኝ ከያዛቸው በኋላ ልጆቹ ከነበራቸው ልዩ ልዩ የበሽታ መከላከያ ከ11 እስከ 73 በመቶ ያህሉን እንዳጡ አሳይቷል። ስለዚህ ልጅ ኩፍኝ ይዞት ተነሥቶ ከሁለት ወር በኋላ በተቅማጥ ይሞታል። እናቱም ጎረቤቷም "በተቅማጥ ሞተ" ይላሉ። ከሩቅ የመጣው ጋዜጠኛ ደግሞ "በረሃብ ሞተ" ብሎ ይጽፋል። ኩፍኝ የሠራውን ሠርቶ ስሙ ሳይነሣ ይወጣል።

መጨናነቁ ራሱ ምን ያህል እንደሚገድል ያሳየን ፒተር ኦቢ የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጊኒ ቢሳው ዋና ከተማ አንድ ሰፈር ውስጥ ልጆችን አንድ በአንድ እየመዘገበ ሲከታተል የኩፍኝ ወረርሽኝ ገባ። እንደ ብዙዎቹ ሐኪሞች እሱም የሚሞቱት የከሱት ልጆች ይሆናሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ከወንድም ወይም ከእህት የተያዙት ልጆች ከውጭ ይዞት ከገባው ልጅ ይልቅ ይሞቱ ነበር፤ ከታመመ ልጅ ጋር በአንድ አልጋ፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ማደር በሽታውን ያከብደዋል። ይህ ማለት ረሃብ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ኋላ እንደምናየው ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚብሰው። ነገር ግን ስለ መጠለያዎቻችን የሚነግረን ነገር አለ። የተራበ ሕዝብ እህል ወደሚታደልበት ቦታ ተሰብስቦ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ጎን ለጎን ሲተኛ፣ ምግቡ የሚያድነውን ያህል ስብሰባው ሊገድል ይችላል።

የከብቱና የልጁ

የኩፍኝ ዘር ማንዘር ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቅርብ ዘመዱ ገበሬዎቻችን "ደስታ" ብለው የሚጠሩት የከብት በሽታ ነው። የዘረመል ተመራማሪዎች ሁለቱ ቫይረሶች ከአንድ ምንጭ መውጣታቸውን፣ ኩፍኝ ወደ ሰው የተሻገረው ሰዎች በብዛት ከከብት ጋር በሚኖሩበት ጥንታዊ ዘመን መሆኑን ይናገራሉ።

ደስታ በሽታ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ምዕራፍ አለው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደገባ ይታመናል። ከዚያ ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚገመተውን ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ "ክፉ ቀን" ተብሎ የሚታወሰው ረሃብ መጣ። ቸነፈርና ፈንጣጣም ተከተሉ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ስለዚህ በመቶ ዓመት ውስጥ አንድ የቫይረስ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ደረሰብን ማለት ነው፤ በክፉ ቀን ረሃቡን ከፊት ሆኖ የመራው የከብቱ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃቡን ከኋላ ተከትሎ የገባው የልጁ ነበር።

የከብቱ ዛሬ የለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፋር በረሃ የእንስሳት ሐኪም ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። ይህ የተቻለው ለሳምንታት ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ስለተሠራላቸው ነው። የአፋር ሽማግሌዎች መንጋው በየትኛው ወቅት የት እንደሚገኝ ያውቁ ነበርና ክትባቱ መንጋውን ተከትሎ ሄደ። በኢትዮጵያ የደስታ በሽታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፤ በ2011 ደግሞ ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ለልጆች የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ግን ዛሬም ከፋብሪካ እስከ ጤና ኬላ በማቀዝቀዣና በበረዶ ሣጥን መጓዝ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። ለከብቱ የተገኘው መላ ለልጁ ገና አልተገኘም።

ሲቆጠር

ከሰው በሽታዎች ሙሉ በሙሉ የጠፋው ፈንጣጣ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጨረሻዎቹ ምሽጎቹ አንዱ ኢትዮጵያ ነበረች። የማጥፋቱ ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት በዓመት ሪፖርት የሚያደርገው ጥቂት መቶ በሽተኞችን ነበር። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር መዞር ሲጀምሩ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 26,329 በሽተኞች ተገኙ። በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል አልጨመረም፤ የጨመረው የሚቆጥር ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት 16,999 ሆነ፤ በ1976 ደግሞ 915።

ይህን ሥራ የሠሩት በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ ከአሜሪካ፣ ከኦስትሪያና ከጃፓን የመጡ ወጣት ፈቃደኞችም አብረዋቸው ተጉዘዋል። ዘመቻው የወሎ ረሃብ ከተደበቀበት ጊዜ ጋር በአንድ ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያው መንግሥት በወሎ የሚሞተውን ሕዝብ ቁጥር ከዓለም ሲሸሽግ፣ በዚያው በደጋው አገር የፈንጣጣ ሠራተኞች እያንዳንዱን ሽፍታ ያለበትን ልጅ እየፈለጉ ይመዘግቡ ነበር። አብዮት መጣ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ጦርነት ተነሣ፤ ምዝገባው አልቆመም።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ በረሃ፣ ዲሞ በተባለች መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ልጅ ናት። መንደሯ፣ ዕድሜዋ፣ ቀኑ በዓለም የጤና ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ መጥፋቱን ዐወጀ። ከዚህ አምስት ዓመት በኋላ በዋድ ኩሊ ለሞቱት ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ያለን "ከ2,000 በላይ" የሚል አንድ ሐረግ ነው። የአንዷ ልጅ መንደር ሲታወቅ የእነዚያ ሁሉ ልጆች መንደር ያልታወቀው አንዷን የሚፈልጋት ሰው ስለነበረ ነው።

በኢትዮጵያ የፈንጣጣውን የመስክ ሥራ ከመሩት አንዱ ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስ ነበር። ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ በአሜሪካ አህጉር አገሮች የክትባት ሥራ ኃላፊ ሆኖ ፖሊዮን፣ ቀጥሎም ኩፍኝን ለማስወገድ ዘመቻ መራ። በዚያ አህጉር በ2002 እ.ኤ.አ. የአገር በቀል የኩፍኝ ስርጭት ተቋረጠ። በሽታው ቆይቶ ቢመለስም፣ ሊሸነፍ እንደሚችል በዚያ ታይቷል። በጎጃምና በጎንደር ተራሮች የተለመደው መንደር ለመንደር ሄዶ የመፈለግ ልምድ ለብራዚልና ለፔሩ ልጆች ጠቀመ። በአገሩ ግን የሕፃናት የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው፤ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም፤ ጦርነት ባለበት ገጠር ደግሞ ከነጭራሹ አልደረሰም ነበር።

የተጻፈው ሕግና ጎዴ

የዋድ ኩሊና የመሰል መጠለያዎች ሞት ከንቱ አልቀረም ለማለት ያህል አንድ ነገር አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከታየው በኋላ የስደተኛ መጠለያ አያያዝ ደንብ ተለወጠ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ1997 ባሳተመው የስደተኞች ጤና መመሪያ ላይ በድንገተኛ ጊዜ ሊሠሩ የሚገባቸው አሥር ነገሮች በቅደም ተከተል ተዘርዝረዋል። አንደኛው ሁኔታውን ማጥናት ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው። ውሃና ምግብ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ምግብ ሳይደርስ በፊት ክትባት! ይህን ቅደም ተከተል ለተራበ ሰው መንገር ያስቸግራል፤ ግን በብዙ ልጆች ሞት የተማሩት ነው። ከክትባቱ ጋር ቫይታሚን ኤ እንዲሰጥም ታዘዘ። በኬፕታውን በ1990 በታተመ ጥናት ኩፍኝ ክፉኛ ከያዛቸው 189 ልጆች መካከል 12ቱ ሞቱ፤ ከ12ቱ 10ሩ ቫይታሚኑ ያልተሰጣቸው ነበሩ። መድኃኒቱ ልጅ አፍ ውስጥ የሚጨመቅ እንክብል ነው።

ደንቡ ተጽፎ ሳለ በ1992 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ በጎዴ ድርቅ ሆነ። ከብቱ አለቀ፤ ሕዝቡ እርዳታ ይገኝበታል ወደተባለው ከተማ ጎረፈ። በኋላ በአካባቢው የተደረገውና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በቤተሰቦች የተነገሩ 293 ሞቶችን መርምሯል። ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት 159 ልጆች መካከል 35ቱ፣ ማለትም 22 በመቶው፣ የሞቱት በኩፍኝ ብቻ ወይም ኩፍኝና የምግብ እጥረት ተጣምረውባቸው ነው። ከአምስት እስከ 14 ዓመት ከሆናቸው 72 ሟቾች ደግሞ 12ቱ እንዲሁ። ከሁሉም ሞት 77 በመቶው የደረሰው ዋናው እርዳታ ከመድረሱ በፊት ነበር።

በጎዴ እህሉም ክትባቱም ዘገዩ። ስለ መዘግየቱ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ክርክሩ ግን እንደ ልማዳችን ስለ እህሉ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ በኩፍኝ መሞቱ ራሱ ሌላ ታሪክ ይናገራል። ክትባት በመደበኛነት በሚሰጥበት አገር የ14 ዓመት ልጅ ኩፍኝን አያውቀውም። በጎዴ የሞቱት ትልልቅ ልጆች በሕፃንነታቸው ክትባት ያላገኙ፣ የተበታተነ የአርብቶ አደር ኑሯቸው እስከዚያ ድረስ ከቫይረሱ የሸሸጋቸው ነበሩ። ረሃቡ አንድ ቦታ ሲሰበስባቸው አገኛቸው።

ዛሬ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ክትባቱን ወደ ቀበሌ አወረደው፤ በ2019 ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተጨመረ። ሆኖም ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ ከሚቆሙት ነገሮች አንዱ ማቀዝቀዣው ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ቀድሞ ከአገሪቱ በተሻለ ደረጃ ላይ የነበረው የሕፃናት ክትባት ሊቆም ምንም አልቀረውም። በሱዳን በ2023 ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ፣ ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ባሉት አራት ወራት፣ በነጭ ዓባይ ግዛት በሚገኙ ዘጠኝ መጠለያዎች ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ1,200 በላይ የስደተኛ ልጆች ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጠቀሰው ምክንያት ኩፍኝ ሳይሆን አይቀርም የተባለ ወረርሽኝና የከፋ የምግብ እጥረት ነው። ከዋድ ኩሊ 38 ዓመት በኋላ፣ በዚያው አገር፣ በዚያው በአራት ወር ልክ።

ይህን ከሩቅ ሆነን የምናነብ ወላጆችስ? በ2017 በሚኒሶታ ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰዎች ሲታመሙ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ በአንድ ገበያ እንገበያያለን፣ ልጆቻችን በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ከሁለት ዓመት ሕፃናት የተከተቡት በ2004 92 በመቶ የነበሩት በ2014 ወደ 42 በመቶ ወርደው ነበር። ምክንያቱ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ነው። ወሬው በ1998 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 12 ልጆች ከወጣ ጽሑፍ የተነሣ ነው፤ መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰርዞታል። በሚኒሶታ የሞተ ልጅ አልነበረም። በ2025 ግን በቴክሳስ ያልተከተቡ ሁለት ልጆች በኩፍኝ ሞተዋል።

ያው ጥርጣሬ በእኛም ቤት፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ግቢ፣ በቴሌግራም መልእክት ይዘዋወራል። የሚጠራጠረውን ወላጅ አላዋቂ ብሎ መስደብ አይጠቅምም። ልጁን ስለሚወድ ነው የሚፈራው፤ የሚፈራውም ያየውን ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሰፈሩ አይቷል፤ ኩፍኝ የገደለው ልጅ ግን አላየም። እንዳላየ ያደረገው ደግሞ ክትባቱ ነው። ነገር ግን በየቤታችን ያዩ ሰዎች አሉ። በሱዳን በኩል ያለፉት እናቶችና አባቶች ዛሬ በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም አያቶች ሆነዋል። የልጅ ልጃቸውን ጋሪ ሲገፉ እናያቸዋለን። ስለ መንገዱ ስንጠይቃቸው ጥማቱን፣ ሽፍታውን፣ ድንበሩን ይነግሩናል። ስለ ትንንሾቹ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው የምንጠይቃቸው ጥቂቶቻችን ነን፤ ብንጠይቅም "በረሃቡ ጊዜ ሞተ" የሚለው መልስ ይበቃናል።

መጠየቅ ያለብን ቀጥሎ ያለውን ነው። ትኩሳት ነበረው? ዐይኑ ቀልቶ ነበር? ሽፍታ ወጥቶበት ነበር? አብረውት የታመሙ ልጆች ነበሩ? የጎዴን ሞቶች የመዘገቡት ተመራማሪዎች የጠየቁት ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ ነው፤ የመለሱላቸውም የሞቱት ልጆች ቤተሰቦች ናቸው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የሚያስታውስ ሰውና የሚጽፍ ሰው ይበቃሉ። የሚያስታውሱት በዕድሜ እየገፉ ነው። መልሳቸው ሲሰበሰብ የ1977 ዓ.ም. ታሪካችን ከጆንያው ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ይኖረዋል። ልጃቸውን ለማስከተብ የሚያመነቱ ወላጆችም ከማያውቁት ሐኪም ይልቅ ከገዛ እናታቸው አፍ ኩፍኝ ምን እንደሆነ ይሰማሉ።